ለሠርጌ ሪላክሰር ልቀባ ወይስ ፀጉሬን ልቁረጠው?

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ዕድሜዬ 27 ነው፤ ባንክ ቤት ነው የምሠራው። ከአሥራ አምስት ዓመቴ ጀምሮ ሪላክሰር ስቀባ ኖሬ ባለፈው ታኅሣሥ አቆምኩ። ያቆምኩት ፀጉሬ እየሳሳ፣ ግንባሬ ዳር ዳሩን እየተመለጠ ስለመጣ ነው። አሁን ከሥሩ የበቀለው ጥቅልል ነው፤ ጫፉ ግን ሉጫ ሆኖ ተንጠልጥሏል። ሳበጥረው እየተበጣጠሰ ይወርዳል፤ ማበጠሪያው ላይ የሚቀረውን ሳይ ዕንባዬ ይመጣል። ጥር ላይ ሠርጌ ነው። የምትሠራኝ ልጅ ‹ይሄ ፀጉር ለቬሎ አይሆንም፤ ወይ ሪላክሰር ትቀቢያለሽ፣ ወይ ሂውማን ሄር ይሰፋልሻል› አለችኝ። እናቴ ‹ለጋ ቅቤ ተቀብተሽ ሹሩባ ተሠሪ› ትለኛለች። የእጮኛዬ እናት ደግሞ ‹ሙሽራ ከርዳዳ ሆና ትወጣለች እንዴ?› ብለው ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን የቀልድ አልመሰለኝም። አሜሪካ ያለች የአክስቴ ልጅ ‹ፀጉርሽ 4ሲ ነው› ብላ አንድ ሻንጣ ቅባት ልካልኛለች፤ የቱን ከየቱ እንደማስቀድም አላውቅም። ልቁረጠው? ልታገሠው? ወይስ ወደ ሪላክሰሬ ልመለስ?

ግራ የገባት ሙሽራ፣ ከአያት»

እንኳን ደስ ያለሽ የኔ እመቤት። ጥር ሩቅ ስላልሆነ ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም። ወደ ሪላክሰሩ አትመለሺ፤ ሉጫውን ጫፍ ቁረጪው፤ የምትቆርጪውም በዚሁ በመስከረም ይሁን እንጂ ለሠርጉ ሳምንት አታቆዪው። ምክንያቱን ላስረዳሽ፤ ቅቤውም፣ ሻንጣውም፣ አማትሽም እስከዚያ ተራቸውን ይጠብቁ።

ፀጉር ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን የተሠራ ነው። ያንን ፕሮቲን እርስ በርሱ ከሚያያይዙት ነገሮች ጠንካሮቹ የድኝ ማያያዣዎች ናቸው፤ ጥቅልሉ ቅርጹን ይዞ የሚኖረው በእነሱ ነው። ሪላክሰር የሚበጥሰው እነዚህኑ ነው። ጉልበቱ ያለው ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ ነው፤ የተደፈነ ቱቦ የሚከፈትበት ኮስቲክ ሶዳ ማለት ነው። «ኖ ላይ» ተብሎ የሚሸጠውም ቢሆን በካልሲየም ሃይድሮክሳይድ የሚሠራ ሌላ አልካላይ ነው እንጂ ወተት አይደለም። ፒኤቹ፣ ማለትም የአልካላይነቱ ልክ፣ ከ12 ይበልጣል፤ ቆዳሽ የለመደው ግን 5.5 አካባቢ ነው። ፀጉር ቤት ወንበር ላይ «አቃጠለኝ፣ ቶሎ እጠቢልኝ» እያልሽ ስትቁነጠነጪ የኖርሽው ለዚህ ነው። አንዴ የተበጠሰው ማያያዣ ደግሞ እንደነበረ ተመልሶ አይገጥምም። እንቁላል ብትመቺበት፣ ማዮኔዝ ብትለቀልቂበት፣ «ሪፔር» የሚል የተጻፈበት ማስክ ብትደፊበት ለጊዜው ይለሰልሳል እንጂ ጥቅልሉ አይመለስም። ከቆዳ ውጭ ያለው ፀጉር ሕይወት የለውም፤ ስለዚህ አይሽርም። ሕይወት ያለው ሥሩ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ሥራውን ያዘ።

የሰው ፀጉር በወር 1 ሳንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል። ካቆምሽ ዘጠኝ ወር ስለሆነሽ ወደ 9 ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ የራስሽ ፀጉር አለሽ፤ ጥር ሲደርስ 13 አካባቢ ይገባል። መስታወት ፊት ስትቆሚ ይህን ያህል መሆኑን አታምኚም፤ ጥቅልል ፀጉር ሲደርቅ ከግማሽ በላይ ሊሰበሰብ ይችላልና።

ዛሬ ማታ አንድ ነገር ሞክሪ። ፀጉርሽን አርጥቢና ከጆሮሽ ጀርባ አንዲት ዘለላ ለይተሽ በሁለት ጣትሽ መሃል ከሥር ወደ ጫፍ ሳቢያት። መጀመሪያ ጥቅልሉ ጎርበጥ ጎርበጥ እያለ ይሰማሻል፤ ከዚያ ድንገት ይጠፋና ሙልጭ ያለ ክር ትይዣለሽ። የምትበጠሰው ያቺ መለወጫዋ ቦታ ናት። ከላይ ያለው ሊጠቀለል ይፈልጋል፣ ከታች ያለው ይጎትተዋል፤ ሚዶ ባስገባሽ ቁጥር ጉልበቱ የሚያርፈው እዚያች ላይ ነው። ማበጠሪያሽ ላይ የቀረውንም ጠጋ ብለሽ እዪው። ጫፉ ላይ ነጭ ፍሬ መሳይ ነገር ካለበት ከነሥሩ የረገፈ ነው፤ በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር የማንም ሰው ይረግፋል፣ አያስለቅስም። አጭርና ፍሬ አልባ ከሆነ ግን የተሰበረ ነው። ከደብዳቤሽ እንደተረዳሁት ያንቺ ይኸኛው ነው፤ መድኃኒቱም መቀስ ነው።

«ልታገሠው?» ላልሽው፣ መታገሥስ ይቻላል። በየጊዜው ጫፉን ትንሽ ትንሽ እያስከረከሙ፣ በመሃሉ ሹሩባ እየተሠሩ ዓመት ሁለት ዓመት የሚያሳልፉ አሉ፤ ሠርግ ባይኖርብሽ እኔም ይህንን እልሽ ነበር። አንቺ ግን በጥር ፎቶ ላይ ሁለት ዓይነት ፀጉር ይዘሽ ልትቆሚ ነው፤ ሁለት ዓይነት ፀጉር ደግሞ በምንም መልኩ አንድ ሆኖ አይሠራም። ዛሬ ከቆረጥሽው ከፀጉርሽ ጋር ለመተዋወቅ አራት ወር ይኖርሻል፤ ምን እንደሚወድ፣ በየትኛው ጎን እንደሚተኛ፣ ዝናብ ሲነካው ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ። ለሠርጉ ሳምንት ብታቆዪው ግን ከማታውቂው ፀጉር ጋር ነው የምትሞሸሪው። ስትቆርጪ ፀጉሩ ረጥቦ፣ ኮንዲሽነር ተቀብቶ ይሁን፤ መለወጫዋ ቦታ የምትታየው ያኔ ነው። በትንሽ በትንሹ እየከፈለች ዘለላ በዘለላ የምትቆርጥ ሴት ፈልጊ። ወንዶች ፀጉር ቤት ሄደሽ «አሳጥርልኝ» ካልሽ ማሽኑን ነው የሚያነሣልሽ፤ ከዚያ በኋላ በእኔ እንዳትፈርጂ።

ሪላክሰሩን በሚመለከት ከውበት ውጭ አንድ ነገር ልጨምርና ልለፈው። እ.ኤ.አ. በ2022 በአሜሪካ የወጣ አንድ ሰፊ ጥናት ከ33 ሺህ በላይ ሴቶችን ለአሥር ዓመት ያህል ተከታትሎ፣ ፀጉር ማለስለሻ ኬሚካል አዘውትረው የሚጠቀሙት ላይ የማኅፀን ካንሰር በብዛት እንደሚታይ አሳይቷል። እስከ 70 ዓመት ዕድሜ ድረስ በሽታው የመያዝ ዕድሉ ምንም ካልተጠቀሙት መካከል 1.64 በመቶ፣ አዘውታሪ ከሆኑት መካከል 4.05 በመቶ ነበር። ጥናቱ አብሮ መታየቱን እንጂ ኬሚካሉ ራሱ በሽታውን ማምጣቱን አላረጋገጠም፤ ስለዚህ ላስፈራራሽ አይደለም። ግን «ለአንድ ቀን ብዬ ነው» ብለሽ ስትመለሺ የአንድ ቀን ነገር እንደማይሆን አንቺም እኔም እናውቃለን፤ ሥሩ በበቀለ ቁጥር ይጠራሻል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ጥቅልል ፀጉር ደረቅ የሚሆነው አንቺ ስለበደልሽው አይደለም። የራስ ቆዳ የሚያወጣው ወዝ በሉጫ ፀጉር ላይ በቀላሉ እስከ ጫፍ ይወርዳል፤ በጥቅልሉ ላይ ግን ጠመዝማዛ ደረጃ እንደሚወርድ ሽማግሌ መንገድ ላይ ይቀራል። እኛ ታዲያ ሲደርቅብን የምንሮጠው ወደ ቅባት ነው። ቅባት ፀጉርን አያርስም፤ ያለው እርጥበት እንዳይወጣ ይከድናል እንጂ። ደረቅ ፀጉር ላይ ቅባት ስትቀቢ የከደንሽው ድርቀቱን ነው። ይህን ከያዝሽልኝ ሌላው ሁሉ ዝርዝር ነው፤ ውሃ ይቀድማል፣ ቅባት ይከተላል።

በሳምንት አንድ ቀን፣ በለው ቅዳሜ ከሰዓት፣ ለፀጉርሽ ስጪው። ፀጉሩን አራት ቦታ ክፈይና በየክፍሉ ያዢው፤ ሳይከፈል የታጠበ ጥቅልል ፀጉር እርስ በርሱ ተጠላልፎ ነው የሚወጣው። ሻምፖውን ለራስ ቆዳሽ እንጂ ለጫፉ አትቀቢው፤ አረፋው ሲወርድ ለጫፉ ይበቃዋል። የልብስ ሳሙና የምትጠቀሚ ከሆነ ግን እዚህ ላይ እንጣላለን፤ ሳሙና አልካላይ ነው፣ ፀጉሩን ሻካራ አድርጎ እርስ በርሱ ያያይዘዋል። ከሻምፖው በኋላ ኮንዲሽነር በደንብ አድርጊና ፀጉሩ በእጅሽ ላይ እስኪንሸራተት ድረስ ጠብቂ። ማበጠር የሚፈቀደው ያኔ ብቻ ነው፤ መጀመሪያ በጣትሽ፣ ቀጥሎ ጥርሱ ሰፊ በሆነ ማበጠሪያ፣ ከጫፍ ጀምረሽ ወደ ሥር እየወጣሽ። ከሥር ጀምሮ ወደ ታች መሰንጠቅ እናቶቻችን ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ሊልኩን ሲቸኩሉ ያስለመዱን ነገር ነው፤ ያን ሁሉ ለቅሶ ያመጣውም እሱ ነው። ደረቅ ፀጉር ላይ ማበጠሪያ አይነካም፤ በቃ።

ሰፈርሽ ውሃ በፈረቃ ከሆነ አይጭነቅሽ። አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይበቃሻል፤ በጆግ ክፍል በክፍል እያፈሰስሽ ታጠቢያለሽ። ሠርጉን አሳብበሽ ድሬዳዋ ወይም መቀሌ ዘመድ ጥየቃ ከወረድሽ ደግሞ ውሃው ከባድ መሆኑን አትርሺ፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ድንጋይ የሚጋግረው ኖራ ፀጉር ላይም ይቀራል። እዚያ ስትታጠቢ በመጨረሻ አንድ ሾርባ ማንኪያ አቼቶ በአንድ ሊትር ውሃ በጥብጠሽ አለቅልቂው፤ ሽታው ሲደርቅ ይጠፋል።

ከታጠብሽ በኋላ ያለው ሩብ ሰዓት ነው ቁም ነገሩ። ብዙ ሰው ፀጉሩን በፎጣ እሽት እሽት አድርጎ ካደረቀ በኋላ ነው ቅባት የሚፈልገው፤ አንቺ ግን ውሃው ገና እየተንጠባጠበ ሳለ ጀምሪ። የማይታጠበውን ዓይነት ኮንዲሽነር፣ ማለትም «ሊቭ ኢን» የሚባለውን፣ በየክፍሉ ቀቢ፤ በላዩ ላይ ጄል አስከትይና ፀጉሩን ከታች ወደ ላይ በመዳፍሽ እየጨበጥሽ ልቀቂው። ስትጨብጪው ጭቅ ጭቅ የሚል ድምፅ ካሰማ ውሃው በቂ ነው፤ ዝም ካለሽ ጨምሪለት። ከዚያ በአሮጌ ቲሸርት ጠቅልለሽ የሚንጠባጠበውን አስመጥጪና ተዪው። በደንብ እስኪደርቅ እጅሽን አታስገቢ፤ ጥቅልሉ የሚበታተነውና የሚንጨባረረው እየደረቀ ሳለ ስንነካካው ነው። ሲደርቅ ጠንከር ብሎ ታገኚዋለሽ፤ አትደንግጪ፣ ሁለት ጠብታ ዘይት መዳፍሽ ላይ አሽተሽ ጨበጥ ጨበጥ ስታደርጊው ይለቅቃል።

ጄሉን ግዢ አልልሽም፤ ቤትሽ አለ። ተልባ። ያልተቆላና ያልተፈጨ መሆን አለበት፤ ለመጠጥ ካዘጋጀሽው ላይ እንዳትዘግኚ። ሩብ ኩባያ ተልባ በሁለት ኩባያ ውሃ ጥደሽ ሳታቋርጪ አማስዪው። መጀመሪያ ምንም የሚሆን አይመስልም፤ ቆይቶ ነጭ አረፋ ያወጣል፣ ከዚያ ማንኪያውን ስታነሺ እንደ ዕንቁላል ነጭ እየተሳበ ይወርዳል። አውርጂው፤ ከዚያ ካለፈ አይጠለልም። በአሮጌ ስቶኪንግ ወይም በስስ ጨርቅ ትኩስ እንዳለ አጥልዪው፣ እጅሽን እየጠበቅሽ። ከቀዘቀዘ በኋላ ላጥልል ብትዪ ፍሬውና ልጋጉ ተያይዘው አይለያዩልሽም። ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሳምንት ይቆያል፤ መኮምጠጥ ከጀመረ ድፊው። ከውጭ ከሚመጡት ብዙዎቹ ጄሎች ይልቅ እኔ ይህንን እመርጣለሁ፤ እየተፈረፈረ ጥቁር ልብስ ላይ ነጭ ነገር የሚያደርገው በጣም ካበዛሽው ብቻ ነው።

ማታ ሻሽሽን እሰሪ፣ ግን የጥጥ ሻሽ እርጥበቱን ይጠጣል፣ ፀጉሩንም ይፈትጋል። መርካቶ ገብተሽ አንድ ሜትር ሳቲን ብትገዢ ሻሽም የትራስ ልብስም ይወጣዋል። ጠዋት ላይ ደግሞ እንደገና መታጠብ የለም፤ የሚረጭ ጠርሙስ ውስጥ ውሃ አድርገሽ ረጨት ረጨት፣ በጣትሽ ቀና ቀና፣ ወደ ባንክሽ። ከጥቅምት በኋላ የአዲስ አበባ አየር ስለሚደርቅ መርጨቱን ታዘወትሪያለሽ።

ወደ እናትሽ ቅቤ እንምጣ። በቅቤ ላይ የሚሳለቁትን አልወድም። የሐመር ሴቶች ፀጉራቸውን በቅቤና በቀይ አፈር ለውሰው ነው የሚሠሩት፤ የአፋር ወጣቶችም ያንን ያማረ ጥቅልላቸውን በቅቤ ነው የሚያኖሩት፤ የእኛም አያቶች ራስ ያበርዳል እያሉ አናታችን ላይ ሲያኖሩት ኖረዋል። ፍትጊያ ይቀንሳል፣ እርጥበት ይይዛል፣ ሹሩባ ሲሠራ እጅ ያስኬዳል። ግን ቅቤ ቅባት ነው፤ ስለዚህ የቅባት ሕግ ይመለከተዋል። ደረቅ ፀጉር ላይ ሳይሆን ረጠብ ያለ ፀጉር ላይ፣ ከመታጠብሽ በፊት አንድ ሁለት ሰዓት ቀድመሽ፣ ከመሃል ወደ ጫፍ ቀቢው፤ በፕላስቲክ ሸፍኚና ቆይተሽ በሻምፖ ታጠቢ። ሳምንት ሙሉ ይዘሽው ባንክ ከገባሽ ለደንበኛሽም ለራስሽም አይመችም፤ ሲቆይ የሚሸትተው ስቡ ስለሚበላሽ ነው። ፎረፎር ካለብሽ ደግሞ የራስ ቆዳሽን ጨርሶ አታስነኪው፤ ፎረፎር የሚያባብሰው ፈንገስ የሚመገበው ቅባት ነው፣ ቅቤ ማለት ለእሱ ድግስ ነው። ስትገዢም ከምታምኚው ሰው ይሁን፤ ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት ቅቤ ገበያ ላይ አይጠፋም።

ሹሩባውንም እናትሽ ትክክል ናት፤ ጣት ካላጠበቀ። ግንባርሽ ዳር ዳሩን መመለጡን ጽፈሽልኛል፤ በደብዳቤሽ ውስጥ ከሁሉም ያሳሰበኝ እሱ ነው። ፀጉር በተደጋጋሚ ሲጎተት ሥሩ ይጎዳል፤ ቀድሞ ከተደረሰበት ይመለሳል፣ ዓመታት ከቆየ ግን ሥሩ ይጠፋና ቆዳው ልሙጥ ሆኖ ይቀራል፣ ያኔ ምንም ቅባት አያበቅለውም። ሹሩባ ተሠርተሽ ማታ ራስሽን ካመመሽ፣ ወይም ግንባርሽ ዳር ጥቃቅን ብጉር ካወጣ፣ ጠብቋል ማለት ነው፤ ሳታፍሪ ፍቺው። «ሲጠብቅ ነው የሚያምረው፣ ሁለት ቀን ቻዪው» የምትል ሠሪ ካለች ሂሳቧን ከፍለሽ ውጪ። በተረፈ ከሠርጉ በፊት የቆዳ ሐኪም ያየው። አለርት ሆስፒታል ለቆዳ የታወቀ ነው፤ የግል ክሊኒክም ሞልቷል። ሐኪሙ የደም ማነስም ሆነ ሌላ ምክንያት እንዳለ ይመረምራል፤ እስከዚያ የተመለጠው ቦታ ላይ ምንም ክብደት አይንጠልጠል። ሂውማን ሄሩን እንቢ የምልሽም ለዚህ ነው። በራሱ ኃጢአት የለበትም፤ ግን ተሰፍቶ የሚጎትተው በትክክል የሳሳብሽን ቦታ ነው።

የሻንጣውን ነገር ባጭሩ። 3ቢ፣ 4ሲ የሚባለው የፀጉር ዓይነት አከፋፈል መነሻው የኦፕራ ዊንፍሬይ ፀጉር ሠሪ የነበረው አንድሬ ዎከር ያወጣው ነው፤ ለመግባቢያ ይጠቅማል፣ ለመድኃኒት ማዘዣ ግን አይሆንም። አንድ ራስ ላይ ሦስቱ ዓይነት ሊኖር ይችላል፤ ያንቺም ማጅራትሽ ላይ ያለውና አናትሽ ላይ ያለው አንድ እንዳልሆነ ስትቆርጪው ታዪዋለሽ። ከሻንጣው ውስጥ ሰልፌት የሌለው ሻምፖ፣ አንድ ኮንዲሽነር፣ አንድ ሊቭ ኢን፣ አንድ ዘይት አውጪ። የኮኮናት ዘይት ካለ እሱ ይሁን፤ ወደ ፀጉሩ ውስጥ ዘልቀው ከሚገቡት ጥቂት ዘይቶች አንዱ ነው፣ ከመታጠብሽ በፊት ቀቢው። የጉሎ ዘይት ፀጉር ያበቅላል የሚባለው ማስረጃ የለውም፤ ወፍራም ስለሆነ ጫፍ ለመክደን ግን ጥሩ ነው። የቀረውን ለእህቶችሽ አከፋፍዪ። አራቱን ሳታቋርጪ ለሁለት ወር ተጠቀሚ፤ በየሳምንቱ ዕቃ የሚቀያይር ሰው የቱ እንደሠራለት አያውቅም።

አሁን ሠርጉ። ድሮ ሳዱላ የነበረች ልጅ አናቷን የምታሳድገው ስታገባ እንደነበር ታውቂያለሽ? ሙሽራና የሚያድግ ፀጉር ባዕድ አይደሉም፤ ይህንን ቡና ሲጠጣ ለአማትሽ ጣል ማድረግ ትችያለሽ። ለቬሎው ቀን የማስበው እንዲህ ነው። ከፊት፣ ከግንባር እስከ ጆሮ መስመር ድረስ፣ ላላ ያለ ቀጭን ሹሩባ ወደ ኋላ ይሠራ፤ የሳሳው ዳር እንዳይጎተት ሁለት ጣት ያህል ገባ ብሎ ይጀመር። ከኋላ ያለው ክፍት ሆኖ ጥቅልሉን ይዞ ይቁም። ቬሎውን የሚይዘው ማበጠሪያ በሹሩባውና በክፍቱ ፀጉር መጋጠሚያ ላይ ይሰካ፤ ከሉጫ ፀጉር ላይ ሲንሸራተት የሚያስቸግረው ማበጠሪያ ጥቅልል ላይ ሲሰካ ንቅንቅ አይልም። የኋላው ጥቅልል እንዲያምር ዋዜማውን ታጥበሽ በሊቭ ኢንና በተልባ ጄል ሁለት ሁለቱን ዘለላ እየጠመዘዝሽ እደሪ። ጠዋት ከመፈታቱ በፊት አንዱን ብቻ ከመሃል ፈተሽ ንኪው፤ ቀዝቀዝ ካለሽ ውስጡ አልደረቀም፣ ካስክ ሥር በዝቅተኛ ሙቀት ይቆይ። ሳይደርቅ የተፈታ ጥምዝ ፎቶ አንሺው ሳይደርስ ይበተናል። የምትፈታዋ ሰው ጣቷን ዘይት ነካ ታድርገው፤ ከጫፍ ወደ ላይ፣ ሳትቸኩል።

ለመልሱ ደግሞ የፊቱ ሹሩባ እንዳለ ይቆይና የኋላው ብቻ ይሠራ፤ ሙሽራን በመልሱ ጠዋት ስድስት ሰዓት ወንበር ላይ ማስቀመጥ ግፍ ነው። አልባሶ ካማረሽ ማርዘሚያ ይጨመርበታል፤ 13 ሳንቲ ሜትር ለመያዣነት ይበቃል። ያንን ሹሩባ እናትሽ እንድትሠራሽ ወይም ቢያንስ አጠገብሽ ሆና እንድትቆጣጠር ጠይቂያት፤ ቅቤዋን ነፍገሽ ሹሩባዋን ስትሰጫት ትታረቂያታለሽ።

አማትሽን በተመለከተ፣ አትከራከሪያቸው። የእሳቸው ትውልድ «ከርዳዳ» ሲባል እየተሰደበ ያደገ ነው፤ ሳቁ አንቺን ከመጥላት ሳይሆን ሠርጉ ላይ ሰው ምን ይለናል ከሚል ፍርሃት ሊሆን ይችላል። ፀጉርሽ ተቆርጦ፣ ታጥቦ፣ ጥቅልሉ ወጥቶ ሲያምር አንድ እሑድ ቤታቸው ሂጂ። ስለ ፀጉር አንዲት ቃል አትተንፍሺ። የሚጠይቁሽ እሳቸው ይሆናሉ። ከጠየቁሽም ተልባ መሆኑን ንገሪያቸው፣ ሳይስቁ አይቀሩም። ደግመው ቢያከርሩት ግን የሚመልሰው አንቺ ሳትሆኚ ልጃቸው ነው፤ ይህንን ከአሁኑ ከእጮኛሽ ጋር ተነጋገሪበት፣ እሱ ስለ ፀጉርሽ ያለውን አንድም ቃል አልጻፍሽልኝምና።

የቀረሽ ፀጉር ሠሪዋ ናት። «አይሆንም» ያለችሽ ጥቅልል ፀጉር ለሙሽራ ሠርታ ስለማታውቅ ሊሆን ይችላል፤ ብዙዎቹ የሠለጠኑት በካስክ፣ በቢጎዲንና በፎን ነው። ኅዳር መጀመሪያ ላይ ቀጠሮ ያዢና ልክ እንደ ሠርጉ ቀን ከነሹሩባው፣ ከነቬሎ ማበጠሪያው ሙሉውን ትሥራሽ፤ የሙከራ ሂሳብም ክፈያት። በዚያው ፀጉር ማታ ድረስ ዋዪ፣ ጨፍሪበት፣ ፎቶ ተነሺ። ካላማረሽ ወይም በመሃል ፎኑን ካነሣችብሽ ሌላ ሠሪ ለመፈለግ ሁለት ወር አለሽ፤ ቀብድ ግን ከሙከራው በፊት እንዳትሰጫት።